የበለስ ሸለቆ በካርታ ላይ፤ ከአልሜይዳ እስከ ፓዌ

በመተከል ቈላ፥ በበለስ ወንዝ ግራና ቀኝ በተዘረጋው የፓዌ ወረዳ፥ አንድ መንገደኛ ከሰው ጋራ ተገናኝቶ «አገርህ የት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ ስም ሳይሆን ቁጥር ነው፤ መንደር ይህን ያህል፥ መንደር ያን ያህል ይባላል። ይህ ነገር በኢትዮጵያ የቦታ አጠራር ልማድ እንግዳ ነው። የመንደር ስም በአገራችን ከአቅኚው ሰው፥ ከታቦቱ፥ ከዛፉና ከወንዙ፥ ወይም ከገበያው ቀን ይወጣል። በቀድሞው በጌምድር የሚገኙት ሐሙሲትና ዐርብ ገበያ የገበያቸውን ቀን ስም አድርገው የኖሩ ናቸው፤ በሸዋ ቈላ ጫፍ አፋሩ፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ሰንበቴም እንዲሁ ነው። የፓዌ መንደሮች ቁጥር ግን ከመሬቱ አልበቀለም፤ ከንድፍ ወረቀት ወደ መሬቱ ወረደ እንጂ።

ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለማወቅ የሸለቆውን ካርታዎች ከጥንት ጀምሮ ተራ በተራ መመልከት ያስፈልጋል። በካርታ ላይ ያለ ስም የተተወ ስፍራ በመሬትም ላይ ያለ ሰው የኖረ ነው ተብሎ ሲታመን ምን እንደሚከተል ለመረዳት፥ ከበለስ የተሻለ ማስረጃ የሚሰጥ አገር ጥቂት ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዘመናት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የአንድን የገበያ ከተማ ታሪክ ከአሮጌ ካርታዎቹ መጻፍ በእንግሊዝ አገር የቈየ ጥበብ ነው። ጆን ስፒድ በ1611 ባሳተመው የአውራጃዎች ካርታ ላይ በየማዕዘኑ የዋና ዋና ከተሞችን ንድፍ ከነቤተ ክርስቲያናቸውና ከነገበያ አደባባያቸው ሥሎ ነበር። በ1836 የወጣው የዐሥራት ሕግም፥ ገበሬው ለቤተ ክርስቲያን በእህልና በከብት ይከፍለው የነበረውን ዐሥራት በገንዘብ ለመለወጥ ሲል፥ ብዙ ሺሕ አጥቢያዎች ማሳ በማሳ እየተቀየሱ በካርታ እንዲሠሩ አደረገ። በዚያ ካርታ ላይ እያንዳንዱ ማሳ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አልቆመም። ከካርታው ጋራ አብሮ የሚቀመጥ መዝገብ ነበረ፤ በመዝገቡም ከቁጥሩ አንጻር ባለርስቱ፥ አራሹ፥ የማሳው ስም፥ ስፋቱና አገልግሎቱ ተጽፎ ይገኛል። ስለዚህ ቁጥሩ ወደ ስሙ የሚያደርስ መክፈቻ ነበር። ከዚህም ሌላ በዚያ አገር የነገሩ ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፤ ገበያው አስቀድሞ ቆመ፥ ንጉሡ የገበያ መብት በደብዳቤ አጸናለት፥ መንገዱ ወደ ገበያው ተሳበ፥ ቀያሹ ከሁሉ በኋላ መጣ። በፓዌ ግን ቀያሹ ከነዋሪው ቀደመ።

ምድርን በሥዕል ማሳየት ለኢትዮጵያ ሊቃውንት ፈጽሞ ያልታወቀ ነገር አልነበረም። በአንዳንድ የብራና መጻሕፍት አክሱምን ከመካከል አድርጎ የትግራይን አውራጃዎች በዙሪያው የደረደረ ክብ ሥዕል ይገኛል። ይሁን እንጂ የርስትና የጉልት ወሰን የሚነገረው በቃልና በጽሑፍ ነው እንጂ በመስመር አይደለም፤ ከዚህ ወንዝ መለስ፥ ከዚያ ዋርካ ወዲህ እየተባለ ሽማግሌ ይመሰክርበታል። ስለዚህ የበለስ አገር የካርታ ታሪክ የሚጀምረው ከውጭ ሰዎች ነው። እነርሱም ቢሆኑ የሣሉት በዐይናቸው ያዩትን ብቻ ሳይሆን ከኢትዮጵያውያን አፍ የሰሙትን ጭምር በመሆኑ፥ ካርታቸው የተናጋሪውን እውቀትና ንቀት አብሮ ይዟል።

ከእነዚህ የሚታመነው የመጀመሪያው ሥራ ከ1624 እስከ 1633 በኢትዮጵያ የተቀመጠው ኢየሱሳዊ መነኵሴ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ያዘጋጀው ካርታ ነው፤ ባልታሳር ቴሌዝ በ1660 በኮይምብራ ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ወጥቷል። ቀደም ያሉት አብዛኞቹ የአውሮፓ ካርታዎች ዓባይን ከምድር ወገብ ማዶ ካሉ ሐይቆች ሲያመነጩት፥ ይህኛው ከግሽ አስነሥቶ በጣና አሳልፎ ጐጃምን እንደ ክንድ አቅፎ ሲዞር አሳየ። ኢዮብ ሉዶልፍም በ1683 ያወጣው ካርታ ይህንኑ ተከትሎ፥ ከአባ ጎርጎርዮስ ባገኘው ትምህርት የቦታ ስሞችን አቃና። በሁለቱም ካርታዎች የጐጃም ደጋ በስም የበለጸገ ነው፤ ከአገው ምድር ወደ ምዕራብ የሚወርደው ቈላ ግን በጥቂት ቃላት ታልፏል። አባ ጎርጎርዮስ የአምሐራ ሰው ነበሩ፤ የማያውቁትን ቈላ ስም በስም ሊዘረዝሩ አይጠበቅባቸውም ነበር።

በ1770 መጨረሻ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ደረሰ፤ መጽሐፉም ከነካርታዎቹ በ1790 ታተመ። ብሩስ የአገውን አገር ሀብት በሰፊው ይተርካል። አገዎች በብዙ ሺሕ ሆነው ከብት፥ ማር፥ ቅቤ፥ ስንዴ፥ ቆዳና ሰም ወደ ጎንደር እንደሚያወርዱ፥ ከተማይቱም በእነርሱ እንደምትኖር ጽፏል። ለገበያ ንቁ ዐይን የነበረው ይህ ሰው ወደ ምዕራቡ ቈላ ሲደርስ ግን ሰፊውን ስፍራ የሞላው «ሻንቅላ» በሚል አንድ ቃል ነው። ይህ ቃል የአንድ ሕዝብ ስም አይደለም። ደገኛው በቈላው ዳር የሚኖሩትን፥ ቋንቋቸውና ሥርዐታቸው የተለያየ ብዙ ሕዝቦችን በቆዳቸው ቀለም ብቻ አንድ አድርጎ የሚጠራበት፥ ከባርነት ጋራ የተያያዘ የስድብ ቃል ነበር። ጉሙዞች ራሳቸውን ጉሙዝ ይላሉ እንጂ በዚህ ቃል አይጠሩም። ካርታው የፈንጋዩን ቃል ወስዶ የአገር ስም አደረገው፤ የለንደን ቀራጮችም በመዳብ ላይ ከቀረጹት በኋላ ቃሉ ከካርታ ወደ ካርታ ሲገለበጥ ከመቶ ዓመት በላይ ኖረ። ነገሩ የስድብ ጉዳይ ብቻ ሆኖ አልቀረም። አንድ ቃል ይህን ያህል ስፍራ በተጋደመ ጊዜ በሥሩ ያለው ጅረት፥ ኰረብታና የጎሣ ይዞታ ሁሉ መጠሪያ አጥቶ ይቀራል።

በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የካርታው ሥራ የተሻሻለው በነጋዴዎች ምክንያት ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጐጃም በተቀመጠ ጊዜ ዋና ትምህርት ቤቱ የባሶ ገበያ ነበረ። በየጁቤ አጠገብ በሚቆመው በዚህ ገበያ ከዓባይ ማዶ፥ ከእናርያና ከአካባቢው አገሮች የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ባሪያ፥ የዝሆን ጥርስ፥ ቡና፥ ወርቅና ዝባድ ያወርዳሉ፤ ከሰሜን የመጡትም አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይዘው ይጠብቋቸዋል። ቤክ ነጋዴዎቹን እያስቀመጠ የት እንዳደሩ፥ የትኛውን ወንዝ በስንተኛው ቀን እንደ ተሻገሩ፥ ቀጣዩ ገበያ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይጠይቅ ነበር። እርሱ ራሱ ያልረገጠውን አገር ከእነርሱ የቀን ጉዞ እየመዘነ በወረቀት ላይ አኖረው። የለንደን የጂኦግራፊ ማኅበር በ1845 ስለዚህ ሥራው የወርቅ ሜዳሊያ ሰጥቶታል።

ከ1838 እስከ 1848 በኢትዮጵያ የቈየው አንቷን ዳባዲም፥ ወንድሙ አርኖ ጭምር እየረዳው፥ በየተራራው ጫፍ ላይ ቴዎዶሊቱን ተክሎ የብዙ መቶ ስፍራዎችን አቀማመጥ ለካ። ከ1860 እስከ 1873 በፓሪስ ያሳተመው ሥራና ከእርሱ ጋራ የወጡት 10 የካርታ ሉሖች፥ ለዚያ ዘመን እጅግ የተጠነቀቁ ናቸው። የዳባዲ መሣሪያ ግን ከደጋ ሆኖ የሚያይ ነው። ከአገው ተራሮች ጫፍ ወደ ምዕራብ ሲመለከት የበላያን ተራራ የመሰለ ጉልህ ነገር ይይዛል፤ ከዛፍና ከቀርከሃ ሥር ያለች የጉሙዝ ጎጆ ግን በምን ትታያለች?

በነጋዴ ምስክርነት የተሠራ ካርታ አንድ በጎ ጠባይ አለው፤ ገበያዎችን አይስትም። ርቀት ራሱ የሚለካው ከገበያ እስከ ገበያ ነውና። ነገር ግን ያው ምስክር የመንገዱን ዳርና ዳር ያጨልመዋል። ለሲራራው የንግድ መንገድ የነበረው ጐዳና ለጉሙዙ የባሪያ ፈንጋይ መንገድ ነበረ፤ ባሪያ ንግዱ በቤኒ ሻንጉልና በጉሙዝ አገር እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ ቀጥሏል። አስተዋይ ሰው ቤቱን እንዲህ ካለው መንገድ ያርቃል፤ ስለዚህ መንገደኛው ሰው የሌለበት ነው ብሎ የመዘገበው ስፍራ ሰው የሸሸው የመንገድ ዳር ሆኖ እንደ ነበረ መገመት ያስችላል። ከቤክ ሥራዎች ለሥነ ሕዝብ ተማሪ ይልቅ የሚጠቅመው በ1845 በእንግሊዝ የቋንቋ ጥናት ማኅበር ያቀረበው የቃላት ዝርዝር ነው። በዚያ ውስጥ «የአገው ምድር ሻንቅላ» ባለው ርእስ ሥር የጉሙዝን ቋንቋ ቃላት ጽፏል፤ ከዚያ ቋንቋ ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ከካርታው ላይ ያልተሰማው ሕዝብ በቃላቱ ዝርዝር ውስጥ ይናገራል።

ከዓባይ በስተደቡብ፥ በዛሬው አሶሳ በኩል፥ ካርታ ሠሪውን የሳበው ወርቅ ነው። ፈረንሳዊው ፍሬደሪክ ካዮ ከመሐመድ ዐሊ ልጅ ከእስማኤል ፓሻ ጦር ጋራ ወጥቶ በ1822 መጀመሪያ ፋዞግሊን አልፎ ወደ በርታ ኰረብታዎች ገባ፤ ኦስትሪያዊው የድንጋይ ጥናት ሊቅ ዮሴፍ ሩሴገርም በ1838 የወርቁን መሬት ለመመርመር ተላከ። የሁለቱም ካርታ ወርቅ የሚታጠብባቸውን ወንዞች አጥብቆ ይከታተላል። ከእነርሱ በኋላ ፔሌግሪኖ ማቴውቺና ሮሞሎ ጄሲ በ1878 እስከ ፋዳሲ ገበያ ደርሰው ተመለሱ። ከ1881 ጀምሮ በዚያ አገር የተዘዋወረው ሆላንዳዊው ሁዋን ማሪያ ስኩፈር ግን ከሁሉ ይለያል፤ መንደሮችን በየስማቸው፥ ሕዝቦችን በየቋንቋቸው መዝግቧልና። በ1883 በደቡብ ሱዳን ምድር ተገደለ፤ የጉዞው ዘገባ ከነካርታው በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ወጣ፤ ሙሉ ጽሑፉ የታተመው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ በ1996 ነው። በበለስ በኩል ስኩፈርን የመሰለ ሰው አልተገኘም።

ራስ መኰንን በ1890 ዓ.ም. ቤኒ ሻንጉልን ለዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ካስገበሩ በኋላ የካርታው ነገር የመንግሥታት ጉዳይ ሆነ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በዐዲስ አበባ የተፈረመው የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ውል የሱዳንን ወሰን የሚያሳይ ካርታ ተያይዞበታል። በ1903 ሻለቃ ቻርልስ ጒይን ወሰኑን በመሬት ላይ ሲያካልል ከኢትዮጵያ በኩል አብሮት የቆመ ሰው አልነበረም፤ ይህም እስከ ዛሬ ድረስ የክርክር ምክንያት ሆኖ ኖሯል። መስመሩ ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርድ የጉሙዝንና የበርታን አገር ከሁለት ከፍሎታል። በወዲያና በወዲህ የሚኖሩት ወገኖች አንድ ቋንቋ መናገራቸውን አልተዉም፤ በካርታ ላይ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለት አገር ሰዎች ሆኑ።

የወሰኑ መስመር ቀጭንና ጥርት ያለ ሲሆን፥ ከወሰኑ ወዲህ ያለው የዓባይ ጐዳና ራሱ በብዙ ካርታ ላይ ገና በነጠብጣብ የሚሣል ነበር። ይህን ነውር ያስወገደው ከ1925 ጀምሮ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን ነው። ከደጋው አፋፍ እየወረደና እየወጣ ወንዙን ለዓመታት ተከተለ፤ ውጤቱንም በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ገለጸ። በጉባ ያገኛቸው ባላባት ሐምዳን አቡ ሾክ ከሱዳን ጋራ በሚደረገው ንግድ የታወቁ ነበሩ። ቺዝማን በጉሙዝ አገር መንገድ መሪና ተሸካሚ አላጣም፤ ሰው በሌለበት ምድር መንገድ መሪ እንደማይገኝ ልብ ይሏል።

የካርታው ድህነት በጦርነት ጊዜ ይልቁን ተገለጠ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ወሰኑን ተሻግረው ወደ በላያ ተራራ ሲያቀኑ፥ የጭነት መኪናዎቹ በጥሻና በጕድባ ውስጥ ኮምፓስ እያዩ መንገድ ፈለጉ፤ ከዚያ ዘመቻ ጋራ የተሰለፉት ግመሎች በብዙ ሺሕ አለቁ። በመጨረሻ መንገዱን ያሳየው የአገሩ ሰው ነው። ከድሉ በኋላ በተጻፉት የጦር ታሪኮች የእንግሊዝ መኰንኖች ስም በሙላት ሲገኝ የእነዚያ መንገድ መሪዎች ስም አይገኝም።

ከዚህ ቀጥሎ የመጣው ካርታ ሠሪ ውሃ ፈላጊ ነው። የጣናን ውሃ ለመገደብ የሚደረገው ቅየሳ ከሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ በእንግሊዞች፥ በ1930ዎቹ መጀመሪያም በአሜሪካው የጄ ጂ ዋይት ኩባንያ ተሞክሯል። ትልቁ ሥራ ግን የአሜሪካ የመስኖ ቢሮ በኢትዮጵያ መንግሥት ስምምነት ከ1957 ጀምሮ አካሂዶ በ1964 ያስረከበው የዓባይ ሸለቆ ጥናት ነው። የአየር ፎቶግራፍ፥ የወንዝ ልክ፥ የአፈር ምርመራ ሁሉ በአንድነት ተሠርቶ፥ የላይኛው በለስና ዳንጉር ለመስኖና ለኤሌክትሪክ ከታጩት ስፍራዎች መካከል ተቈጠሩ። የጥናቱ ትክክለኛነት የሚደነቅ ነው። በነጋዴው ካርታ ላይ ዋና የነበረው ገበያ ግን አሁን ጥቂት ነገር ሆነ፤ በእርሱ ፈንታ የከፍታ መስመርና የአፈር ቀለም ወረቀቱን ሞላው። በጉባ በኩል በዓባይ ላይ የታጨውንም ግድብ መሐንዲሶቹ «ድንበር» ብለው ሰየሙት። ስሙን የወሰዱት ከጒይን መስመር ነው እንጂ ከስፍራው ነዋሪ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለውና በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚያው አካባቢ ነው።

ለምንድን ነው እንዲህ የተጠነቀቀ ቅየሳ እንኳ የጉሙዝን ይዞታ ሊያይ ያልቻለው? መልሱ በአስተራረሱ ላይ ነው። ጉሙዝ በሬ ጠምዶ አያርስም፤ በቈላው ገንዲ የሚባለው በሽታ ከብት አያኖርም። ደኑን መንጥሮ፥ አቃጥሎ፥ በመቈፈሪያ እየቈፈረ ዳጉሳ፥ ማሽላና ሰሊጥ ይዘራል። መሬቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲደክም ይተወውና ወደ ሌላ ይዛወራል፤ የተወው ጫካ ለብሶ ኃይሉን ሲመልስ እንደ ገና ይመጣበታል። የአደኑ፥ የቀፎው፥ የዓሣውና የወርቅ ማጠቢያው ስፍራም በጎሣ በጎሣ የታወቀ ነው። ስለዚህ በማንኛውም አንድ ዓመት የታረሰው መሬት ከጎሣው ይዞታ ጥቂቱ እጅ ብቻ ነው። ፎቶግራፍ የአንድ ቀን ምስክር ነው፤ የዐሥራ አምስት ዓመት ዙር ያለውን እርሻ በአንድ ቀን ማየት አይቻልም። ፎቶግራፉ ጫካ አለ፤ አንባቢው ጫካውን ባዶ ብሎ ተረጐመው። ስሕተቱ የካርታው ሳይሆን የትርጓሜው ነው ቢባል ግን ግማሽ እውነት ብቻ ይሆናል፤ የካርታው መግለጫ ለታረሰ መሬት ምልክት ሲኖረው ለዐረፈ መሬት ምልክት አልሰጠውምና።

ይህ ትርጓሜ ዋጋ ያስከፈለው በ1977 ዓ.ም. ነው። ወሎንና ትግራይን፥ ሌሎችንም አውራጃዎች የመታው ድርቅ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ፥ የደርግ መንግሥት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር ዐቅዶ 600,000 ያህሉን አጓጓዘ። በበለስ ሸለቆ ከ80,000 የማያንሱ ሰዎች ሰፈሩ፤ ከወሎ፥ ከሸዋ፥ ከጐጃም፥ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ናቸው። ስፍራው የተመረጠበት ምክንያት ሰፊ፥ ለም፥ ውሃ ያለውና ሰው የሌለበት መሆኑ ነበር። ሦስቱ እውነት ናቸው። መንደሮቹም በበለስ ግራና ቀኝ በወረቀት ላይ ተነድፈው፥ ቁጥር ተሰጥቷቸው፥ ቤቶቹ በቀጥታ ሰልፍ ተሠሩ። ለንድፍ ሠሪው ቁጥር የሥራ ማመቻቻ ነበረ እንጂ ለዘለቄታ የታሰበ ስም አልነበረም ይሆናል። ነገር ግን እንደ እንግሊዙ የዐሥራት ካርታ ከቁጥሩ አጠገብ የሚቀመጥ መዝገብ፥ ይህ ጅረት ምን ይባላል፥ ይህ ጫካ የየትኛው ጎሣ ነው፥ ማን ይቀፍፍበታል የሚል መዝገብ፥ አልተዘጋጀለትም። ንድፉ ሲነበብ አገሩ በዚያ ዓመት የተፈጠረ ይመስላል።

የሰፋሪው መከራ ከነባሩ መከራ የሚያንስ አልነበረም። የደጋ ሰው ድሮውንም ቈላን በንዳድ ይፈራዋል፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ወባና ሌሎች በሽታዎች ብዙ ሰው ጨረሱ። ብዙዎቹ የመጡት ወድደው አይደለም፤ ዕድል ያገኘ ወደ አገሩ ጠፍቶ ተመለሰ። በ1986 የኢጣልያ መንግሥት ገንዘብ ሰጥቶ የሳሊኒ ኩባንያ የጣና በለስ ፕሮጀክትን ሲጀምር፥ መንገድ፥ ሆስፒታል፥ የአውሮፕላን ማረፊያና በትራክተር የሚታረስ ሰፊ እርሻ ተሠራ። ከዚህ ጊዜ ያሉት ፕላኖች ከሸለቆው ካርታዎች ሁሉ እጅግ የተብራሩት ናቸው፤ ይሁንና የመንገዱን ስፋትና የቦዩን ቍልቍለት የሚናገሩትን ያህል ጉሙዙ ከዚያ ተነሥቶ ወዴት እንደ ሄደ አይናገሩም። የጉሙዝ ቤተሰቦች ወደ ሸለቆው ዳርና ወደ ኰረብታው ተገፉ፤ በሰፋሪውና በነባሩ መካከል ብዙ ነፍስ ጠፋ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ፤ መሣሪያው ተበታተነ፥ ከሰፋሪውም ብዙው ወደ መጣበት ተመለሰ።

የቀረው ሰው ግን ንድፉን በእግሩ አረመው። ቀጥተኛው ሰልፍ እያደር ተጣመመ፤ ጓሮ ጓሮን ገፋ፥ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተተከለ፥ አቋራጭ መንገድ ተቀደደ። የገበያ ቀን ሲደርስ ሰፋሪውና ጉሙዙ እህል፥ ጨው፥ ጨርቅና ማር ይዘው ይገናኛሉ፤ ቤክ በባሶ ተቀምጦ የጠየቀው ዐይነት ነገር እንደ ገና በእግር መንገድ መነገር ጀመረ። ሁለቱ ወገኖች ደም ሲቃቡ የሚታረቁባቸውን የጉሙዝ የእርቅ ሥርዐቶችና ከደገኛው ጋራ የሚደረገውን የወዳጅነት ልማድ በሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። በወረዳው ውስጥ ያለችው ከተማ አልሙ ትባላለች፤ ስም ይሁን ትእዛዝ ለመለየት ያስቸግራል፥ ያም ሆኖ ከቁጥር ይሻላል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተደረገው የክልል አወቃቀር መተከል ከጐጃም ተለይቶ በቤኒ ሻንጉል ጉሙዝ ሲጠቃለል፥ ፓዌ በሰፋሪዎቿ ምክንያት ልዩ ወረዳ ተባለች። አዲሱ የአስተዳደር ካርታ የጉሙዝን ስም በክልሉ ስም ላይ በትልቅ ፊደል አኖረ፤ «ሻንቅላ» ተብሎ ለኖረው ሕዝብ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነገር ግን የክልል ካርታ ቀለሙን አንድ ወጥ አድርጎ ስለሚቀባ፥ ቀድሞ ጉሙዝ ያልታየበትን ስፍራ አሁን ሌላው የማይታይበት ሊያደርገው ይችላል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመተከል የፈሰሰው ደም፥ በተለይም በታኅሣሥ 1913 ዓ.ም. ሳይሆን በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም., በዘመናችን ማለት ነው፥ በቡለን ወረዳ በበኩጂ ከ100 በላይ ሰዎች በአንድ ቀን የተገደሉበት እልቂት፥ በካርታ ምክንያት ብቻ የመጣ ነው ማለት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። መሬቱ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ ነበረበት፤ ለዚህም ጥያቄ ሁለቱም ወገኖች የሚያቀርቡት ማስረጃ ከላይ ከተዘረዘሩት ወረቀቶች አንዱን ወይም የሌላውን ዝምታ ነው።

ከሰፈራው ወዲህ በፓዌ የተወለደው ትውልድ አሁን ልጆች ወልዷል። ለእርሱ መንደሩ የተጠራበት ቁጥር የሰፈራ ምልክት ሳይሆን የትውልድ አገር ስም ነው፤ ሲጠየቅም ሳያፍር ይናገረዋል። ከመንደሩ አጥር ማዶ የሚኖረው ጉሙዝ ደግሞ ያንኑ መሬት በጅረቱና በጎሣው ስም ይጠራዋል።